ገላጋይ የሌለው ፊልም

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳው ዝም አለ። የእኔን ልብስ ስፌት ቤትና የጋሽ ሰይድን ቪዲዮ ቤት የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ፣ አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከማዶ ሰው ሲደበደብ እያዳመጥኩ ነው ልብስ የሰፋሁት። መብራት ሄዶ ይሆናል ብዬ ቀና ስል የእኔ አምፖል በርቷል። ወዲያው ልጃቸው ዘሀራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ አስካለ፣ አባዬ ሄደብን» አለችኝ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ሳይነሱ ቀሩ። በማግስቱ ጠዋት ቀበርናቸው።

የሸዋ ሮቢት ሰው ጋሽ ሰይድን የሚያውቃቸው «ተርጓሚው» በሚል ስም ነው። ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሌሎችም ነበሩ፤ ሁሉም ዘግተው ወይ ኳስ ማሳያ ወይ የስልክ መጠገኛ አደረጉት። እሳቸው ብቻ እስከ መጨረሻው የድብድብ ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ደግሞም ዝም ብለው አያሳዩም። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ሽርጣቸውን ሰብስበው ይቀመጡና በአንድ እጃቸው ማይክ፣ በሌላው መፋቂያ ይዘው የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ይናገራሉ። ወጣትነታቸውን ጅዳ ስላሳለፉ ከፊልሙ ሥር የሚጻፈውን ዓረብኛ ያነባሉ። ጽሑፍ የሌለው ፊልም ሲመጣ ደግሞ ከራሳቸው ይፈጥራሉ። አንድ የቻይና ሽማግሌ በረዶ ላይ ቆሞ ስለ ሮቢት ሙቀት ሲያማርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲደርስ ፊልሙን ያቆማሉ። ሰውየው አየር ላይ ቢሆንም ግድ የላቸውም። «ሰግጄ እስክመጣ አይወርድም፣ አትጨነቁ» ብለው ይወጣሉ፤ ያም ሰውዬ እግሩን እንደዘረጋ ተንጠልጥሎ ይጠብቃቸዋል። ተመልካቹ ለምዶት ስለነበር አያጉረመርምም።

እኔ አንድም ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቼ አላውቅም። ድብድብ ማየት አልወድም፤ ምላሴ ግን ለጠብ ሰነፍ አይደለም፣ እሱን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። ሆኖም ፊልሙ የየት አገር እንደሆነ በድምፁ አውቅ ነበር። የቻይናው ሲማታ ይጮኻል፣ ሳህንና አግዳሚ ወንበር ይሰባበራል። የሕንዱ አንዷ ቡጢ እንደ ነጎድጓድ ታስተጋባለች፣ መሃል ላይም ዘፈን ይገባል። የጃፓኑ ዝም ነው፤ ዝምታው ሲበዛብኝ ማሽኔን አቁሜ እጠብቃለሁ። የአሜሪካው ቶሎ ያልቅና ሰውየው የሆነ ነገር ተናግሮ ወጣቶቹን ያስቃቸዋል።

ጠዋት ጠዋት ቤታቸውን ከመክፈታቸው በፊት መጥተው የእኔ ማራገቢያ ሥር ይቀመጣሉ። የሮቢትን ሙቀት የቀመሰ ሰው አይፈርድባቸውም። ስለ ድብድብ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እዚያ ተቀምጠው ነው። «አስካለ፣ የአንድ አገር ሰው ምን እንደሚያከብር ማወቅ ከፈለግሽ በፊልሙ ሲማታ እዪው» ይሉኛል።

«ቻይና ምን ያከብራል?»

«መምህሩን። መጀመሪያ ውሃ ይቀዳል፣ ወለል ይጠርጋል፣ ሲሰደብ ይከርማል። ዓመት ሙሉ ተሰድቦ ነው አንድ ቡጢ የሚሰነዝረው። እሱንም ለራሱ አይደለም፣ መምህሩን ስለነኩበት ነው።»

«ሕንድስ?» እላቸዋለሁ ቀሚስ እየተኮስኩ።

«ሕንድ እናቱን ነው። እናቱ ካላለቀሰች እጁን አያነሳም። አንዴ ካነሳ ግን ሃያውን በአንድ ላይ ያበርራል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ጸጉሩ ይበተናል። አንቺ ይኼን ውሸት ነው ትያለሽ። ውሸት አይደለም፤ ሰው ለእናቱ ሲናደድ ውስጡ ምን እንደሚመስል ነው ያሳዩሽ። ጃፓን ደግሞ ቆሞ ይተያያል። ይተያያል፣ ይተያያል፣ ሰው ሰልችቶት ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ አንዴ ይሰነዝርና ያበቃል። ለነሱ ትልቁ ነገር ከመምታቱ በፊት ያለው ነው።»

አሜሪካ ላይ ሲደርሱ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ያወጣሉ። «አሜሪካው ያሳዝነኛል። ጎበዝ ነው፣ ግን ብቻውን ነው። መምህር የለው፣ እናት የለው፣ ጎረቤት የለው። ሲያሸንፍ እንኳ እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ሰው ስለሌለ ራሱ ቀልድ ይናገራል።»

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቧቸው ግን የሚወድቁት ነበሩ። በአንድ እርግጫ በመስኮት ወጥተው የሚቀሩት፣ ስም የሌላቸው ሰዎች። «እነዚህ ወላሂ እናት አላቸው» ይላሉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማይኩን ሳያጠፉ ስለ እያንዳንዳቸው ይናገራሉ፤ ከደረጃው የተንከባለለው እግሩ ተሽሎታል፣ ሐብሐብ ጋሪ ላይ የወደቀው ደግሞ ባለጋሪውን ክሶ አሁን ጓደኛሞች ሆነዋል እያሉ። አዲስ ሰው ይስቃል። የለመደው ግን የመስኮቱስ ሰውዬ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ሳይናገሩ ከማራገቢያው ሥር አይነሱም። «በሁሉም ውስጥ የጠፋ ሰው አለ፣ ልብ ብለሻል? ገላጋይ። ገበያ መሃል ሲደባደቡ ሻጩ ቅርጫቱን ይዞ ይሸሻል እንጂ ‹ተው እንጂ› ብሎ መሃል የሚገባ የለም። እኛ ጋ ቢሆን ያ ሁሉ ፊልም አምስት ደቂቃ አይሞላም።» እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ከቡጢው ይልቅ «ልቀቁኝ» የሚለው ይበዛል። እንደማይለቁት ስለሚያውቅ ነው እንዲያ የሚፎክረው። ወጣቶቹ አንድ ቀን፣ የኛ አገር የድብድብ ፊልም ቢሠራ ምን ይመስላል ብለው ጠየቋቸው። «በመጀመሪያው ደቂቃ ሁለት ሰው ይጣላል፤ የቀረውን ሁለት ሰዓት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይነታረካሉ» አሏቸው። ሲተረጉሙም ገላጋይ ከራሳቸው ይጨምሩ ነበር። ከጀርባ ጃንጥላ ይዛ የምታልፍ ቻይናዊት ካለች «ኧረ በአላህ ተዉ፣ ወንድማማች አይደላችሁም ወይ» ያስብሏታል።

ከደንበኞቻቸው አንዱ አባባ ወልዴ ናቸው፤ የቀወት ገበሬ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው። ገበያ ሲመጡ ከጋሽ ሰይድ ጋር ሊጫወቱ ገብተው ይቀመጣሉ። በቻይና ፊልም ሁለቱ ተጋጣሚዎች ከመማታታቸው በፊት ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን ገጥመው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ። አባባ ወልዴ ይህን ባዩ ቁጥር «እሰይ፣ ታረቁ» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ወዲያው ቡጢው ሲጀመር ፊታቸው ይጠቁራል። «አንገቱን የሰጠ ሰው ይመታል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው?» እያሉ ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ ለቻይኖቹ ሰላምታ ነው፣ ክብር ነው እያሉ ስንት ጊዜ አስረዷቸው። አባባ ወልዴ ግን አንገት ደፍቶ መቆም የሚያውቁት በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መማታት የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ሰይድም በመጨረሻ ማስረዳቱን ተዉት።

የወንድሜ ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ደረጀ እናታችን ከሞተች በኋላ በእኔ እጅ ያደገ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ባለችው ማሳችን ሽንኩርት የሚያለማ ጎልማሳ ነው። ከኛ በላይ ያለው ማሳ የከማል ነው። የቦዩ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት አሉ። ያን ሰሞን የውሃ አባቱ ታመው ተራው ተምታታና ሁለቱም «ዛሬ የኔ ነው» አሉ። ከማል በአካፋ እጀታ ደረጀን ጀርባውን መታው፣ ደረጀ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። አስር የሚሆኑ ወጣቶች በቦታው ነበሩ። አንዳቸውም አልገላገሉም፤ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹት። በማግስቱ ደረጀ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የሚታይበት ቪዲዮ ከሮቢት እስከ ጀውሃ ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ወንድሜ ቤት መጥቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው ሰምበር አውጥቷል። ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ወገቡ ላይ አዞርኩና «ቀሚስ ልስፋልህ እንዴ?» አልኩት። ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረበም።

በምትኩ ጋሽ ሰይድ ጋ መዋል ጀመረ። የሚጠይቀው የታይላንድ ፊልም ብቻ ነው፣ በጉልበትና በክርን የሚማቱበትን። ፊልሙ ሲያልቅ ጓሮ ወጥቶ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሲደበድብ እሰማለሁ። ጋሽ ሰይድ ጠዋት ማራገቢያው ሥር ሲቀመጡ ጨዋታቸው ጠፋ። «ሌሎቹ ይጫወታሉ አስካለ። የታይላንዱ ክርን ግን እውነት ነው፣ አጥንት ይሰብራል። ወንድምሽ ለምን እሱን መረጠ?» አሉኝ። መልሱን አውቀው ነው የጠየቁኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ደረጀና ከማል እሁድ ከሰዓት ወንዙ አሸዋ ላይ ሊገናኙ እንደሆነና ማንም እንዳይገላግላቸው እንደተማማሉ ሰማሁ። ወጣቱ ሁሉ ሊቀርጽ ተዘጋጅቷል። በዚህ ዘመን አንድ ደረጀና አንድ ከማል ተደባድበው አንዱ ቢሞት ነገሩ በሁለቱ እንደማያበቃ ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ያሰብኩት ስለ አገሩ አልነበረም። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፤ ወደዚያ የገፋሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጃፉ አልፌ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገባሁና ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የቀሚሱን ነገር ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

አልተቆጡኝም። «ያ ረቢ» አሉ። «ይቅርታውን እኔን አትጠይቂ ልጄ፣ እሱን ጠይቂው።»

«አልችልም ጋሽ ሰይድ። ዓይኑን ማየት አልችልም።»

«እንግዲያው እስክትችይ ድረስ በሕይወት እናቆይልሽ» አሉኝ።

እሁድ አሸዋው ላይ ሰው ሞልቷል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ግራር ሥር ቆሜያለሁ። ጋሽ ሰይድ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ አባባ ወልዴንና ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትለው መጡ። ወጣቶቹ መንገድ ዘጉባቸው። «ገላጋይ አይገባም ጋሼ፣ ተማምለዋል» አሏቸው።

«ማን ሊገላግል መጣ? እኔ የድብድብ ሰው ነኝ። እናንተ ፊልም ልታነሱ ነው የመጣችሁት፤ ፊልም ከሆነ ደግሞ ሥርዓት አለው። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳሳያችሁ እጅ ሳይነሳሳ የሚጀምር አይታችኋል?»

ወጣቶቹ ሳቁ። ነገሩ ለቪዲዮውም የሚያምር መስሏቸው አሳለፏቸው። ደረጀና ከማል ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን ገጥመው፣ ልክ እንደ ቻይኖቹ ጎንበስ አሉ።

«እሰይ፣ ታረቁ» አሉ አባባ ወልዴ። እየቀለዱ አልነበረም። ከዘራቸውን ጥለው አሸዋው ላይ ተንበረከኩና መሬቱን ሳሙ። ሁለቱ ቀና ሳይሉ ጋሽ ሰይድ አንዱን እጃቸውን በደረጀ፣ ሌላውን በከማል አንገት ላይ ጫኑና ዱዓ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ «አሚን» አሉ፣ አባባ ወልዴ «አሜን» አሉ። ለዱዓ ሁለት እጅ ነው የሚዘረጋው፤ ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው።

አንዱ ግን አልዋጥልህ አለው። «ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ እኮ ሰላምታ ነው ብለው ራስዎ ነግረውናል።»

«ቻይና ውስጥ» አሉት ቀና ሳይሉ። «ይኼ ሮቢ ነው።»

ደረጀ ሊነሳ ሲታገል አየሁት። ጋሽ ሰይድ ቀጭን ሰው ናቸው፤ በጉልበት ሊይዙት አይችሉም። ነገር ግን ሽማግሌ አንገቱ ላይ እጁን ጭኖ እየለመነለት፣ አባባ ወልዴን የሚያህሉ ሰው መሬት ስመውለት፣ ከዚያ ተነስቶ የሚማታ ሰው እኛ ጋ አላየሁም። ዱዓው ረዘመ። ለዝናቡ ለመኑ፣ ለሽንኩርቱ ለመኑ፣ ለታመሙት የውሃ አባት ለመኑ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ለሚወርደው መንገደኛ ሁሉ ለመኑ። መጀመሪያ ያለቀሰው ከማል ነው። ደረጀ አላለቀሰም፤ ጡጫው ግን ተፈታ።

ሁሉ ነገር በዚያው የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ በደንብ ተቀምጠው ከማልን በደለኛ አሉት፣ ይቅርታ አስጠየቁት፣ የውሃውንም ተራ እንደ አዲስ መደቡት። ደረጀ ግን «በቻይና ሸወዱኝ» እያለ ሦስት ወር ጋሽ ሰይድን ሰላም አላላቸውም። እሳቸው ሲያልፍ ሰላም ይሉታል፣ አይመልስም፣ በማግስቱም ይሉታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝም ብሎ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ፊልሙ የት እንደደረሰ በማይክ ነገሩት፤ እኔም በቆርቆሮው በኩል ሰምቼ መቀሴን አስቀመጥኩ። ከእኔ ጋርም ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ። የቀሚሱን ነገር ግን እሱም አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም።

ያን ዕለት ፈርተው እንደነበር አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ። «እግሬ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አትጠይቂኝ። ሽርጥ በመልበሴ ነው ሰው ፊት ያልተዋረድኩት» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሽው ወይ ብለው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጨቀጨቁኝም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደግነታቸው ይኼ ነው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። ከማል እጅጌውን ሰብስቦ ለለቅሶ መጪው ሁሉ እጅ ያስታጥባል። ደረጀን ብፈልገው የለም። እንዳመሌ ተናደድኩ። ዛሬ እንኳ፣ ለእሳቸው እንኳ መቀመጥ አቅቶት ነው እያልኩ ማሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ቦይ ሲቀይስ አገኘሁት። የቆመው ግን እኛ ማሳ ላይ አልነበረም።

«የከማል ተራ ነው። እሱ ለቅሶ ላይ ስለሆነ እኔ ላጠጣለት ብዬ ነው» አለኝ። ፊቴን አይቶ «እትዬ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለ።

ልቆጣ ነበር የመጣሁት። ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ዳር ቆምኩ። «ያን ጊዜ፣ ጀርባህ ቆስሎ ስትመጣ ያልኩህ ነገር» ብዬ ጀመርኩ። «ጥፋቱ የኔ ነበር። ልትሞትብኝ ነበር። ይቅር በለኝ ወንድሜ» አልኩት።

አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለ። በክንዱ ፊቱን ሲጠርግ ጭቃ ቀባው። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ አንድ ሁለት አካፋ አፈር መለሰና ውሃው የሚሄድበትን ተመለከተ። «አሁን ተመለሽና ለከማል ንገሪው። ሽንኩርቱ እስከ ዳር ድረስ ጠጥቷል፣ ለሱ ብሎ ከለቅሶ እንዳይነሳ በይው።»

ሄጄ ነገርኩት።